ድንጋይ ጠራቢን ስለሚይዘው የሳንባ ደዌ

ድንጋይ በመጥረብ ወይም የማዕድን ጉድጓድ በመቈፈር የሚኖር ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ሳል ይይዘዋል፤ ዳገት ሲወጣም ትንፋሽ ያጥረዋል። ቤተ ሰቡም ብርድ መታው ይላሉ። ነገር ግን ይህ ብዙ ጊዜ ሐኪሞች ሲሊኮሲስ የሚሉት ደዌ ነው፤ ይኸውም ለዓይን የማይታይ የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ሥጋውን ጠባሳ እያደረገ የሚያደርቅ ነው።

እውነቱን አስቀድመን እንናገር፤ ጠባሳውን ወደ ደኅና ሥጋ የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ይህን የምንጽፈው ተስፋ ለማስቈረጥ ሳይሆን አድናለሁ ባይ ብዙ ስለ ሆነ ነው። በካናዳ አገር በኦንታርዮ ግዛት፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1943 እስከ 1979 ዓ.ም. የማዕድን ሠራተኞች ወደ ጉድጓድ ሳይወርዱ በተዘጋ ክፍል ተሰብስበው የአሉሚኒየም ዱቄት እንዲተነፍሱ ይደረግ ነበር፤ ዱቄቱ ሳንባን ከድንጋዩ ብናኝ ይጠብቃል ተብሎ ነው። ጥቅሙ ግን አልታየም፤ በ2020 ዓ.ም. የወጣ ምርመራም ፓርኪንሰን የተባለው እጅን የሚያንቀጠቅጥ ደዌ በእነዚህ ሠራተኞች ላይ በዝቶ መገኘቱን አስረዳ። ብናኝን በብናኝ ለማከም መነሣት ለእኛስ የሚያስደንቅ አሳብ ነው።

እንግዲህ የሚደረገው ምንድር ነው? በሽተኛው ከብናኙ ይራቅ። እንጀራው ከዚያ ለሆነ ሰው ይህ ከባድ ስለ ሆነ፣ አሠሪው ሌላ ሥራ ቢሰጠው ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል። ትምባሆም ይተው። ከዚህ ቀጥሎ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሊዘገይ አይገባም፤ ብናኝ የጐዳውን ሳንባ ነቀርሳ ፈጥኖ ይይዘዋልና፤ ነቀርሳው ግን በጊዜው ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል። ትንፋሹ እጅግ ለደከመ ኦክስጅን ይሰጠዋል። ኒንቴዳኒብ የተባለው መድኃኒት በአንዳንዶች ላይ የጠባሳውን መስፋፋት ያዘገያል እንጂ አያድንም፤ ዋጋውም ውድ ነው። ሳንባ በሌላ ሳንባ መለወጥም አለ፤ የሚያገኙት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ቤት የምታሠሩ ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፤ ድንጋዩ ሲቈረጥ ውሃ ይፍሰስበት። በነጠላ አፍንጫን መሸፈን ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም። ሠራተኛውም የሥራ ልብሱን ልጆች በተቀመጡበት አያራግፍ። በአውስትራልያ አገር ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚሆነውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ የሚቈርጡ ጐልማሶች በዚህ ደዌ ስለ ተያዙ፣ መንግሥቱ ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ ድንጋዩን መሥራትም መቍረጥም በሕግ ከልክሏል።