የእኩል እርሻና የዘፈን ሸክላ

ወጣት አንባቢዎቼ፤ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ የእኩል እርሻ ውል እንዴት እንደሚደረግ ከእናንተ ብዙዎቹ ታውቃላችሁ፤ ከተማ ያደጋችሁትም ከዘመድ ሰምታችሁ ይሆናል። አንዱ ሰው መሬት አለው፤ ጉልበት ግን አጥቷል። ሁለተኛው ጥማድ በሬና ብርቱ ክንድ አለው፤ መሬት ግን አንሶታል። ሁለቱ ተገናኝተው ሲነጋገሩ በመጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ዘሩን ማን ያወጣል?» የሚለው ነው። የምርቱ ድርሻ እኩሌታ ወይም ሲሶ እንዲሆን የሚቈረጠው በዚህ መልስ ነው። ቀጥሎ «ውሉ ለስንት መኸር ነው?» ይባላል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል፤ ይኸውም ውርጭ ገብሱን ቢያቃጥለው ኪሳራው የማን እንደሚሆን ነው።

በዚህ ሳምንት የምንጫወተው ስለ ገብስ አይደለም፤ ስለ ዘፈንና ስለ መጽሐፍ አሳታሚዎች ነው። ነገር ግን እነዚህ ነጋዴዎች ከባለሙያው ጋራ የሚዋዋሉት ውል ከእኩል እርሻ እምብዛም ስለማይርቅ፣ ሦስቱን ጥያቄዎች በልባችሁ ያዙልኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እጽፋለሁ።)

በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ድንጋጌ፣ የዘፈን ሸክላ ከውጭ ለማስመጣትና ለማሳተም ብቸኛውን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ሰጥቶ ነበር። አንድ ባለመሬት አገሩን ሁሉ አጥሮ ይዞ፣ ከማሳው የሚበዛውን ጦም ቢያሳድረው ምን ይባላል? የሆነው ይህን ይመስላል። በስልሳዎቹ ዓመታት የአዲስ አበባ ምሽት በዘመናዊ ሙዚቃ ደምቆ ሳለ፣ በሸክላ የሚወጣው ግን ከሚዘፈነው ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ጥቂት ነበር። ተጫዋቾቹም አብዛኞቹ እንደ እናንተ የወር ደሞዝተኞች ነበሩ፤ አንዱ በክብር ዘበኛ፣ አንዱ በፖሊስ፣ አንዱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤት ተቀጥሮ ይጫወታል። መሣሪያው የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ የደንብ ልብሱም የመሥሪያ ቤቱ ነው። ደሞዝ ውርጭ አያገኘውም፤ መኸርም የለውም።

በ1969 አቶ አምሃ እሸቴ የሚባል በአዲስ አበባ ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ነጋዴ ይህን ጦም ያደረ ማሳ አየና በራሱ ሥልጣን ገባበት። ያ ድንጋጌ እንዳለ ያውቃል፤ መታሰር ሊኖር እንደሚችልም ያውቃል። ሆኖም የፖሊስ ኦርኬስትራ ዘፋኝ የነበረውን ዓለማየሁ እሸቴን አስዘፍኖ፣ ቅጂውን ህንድ አገር ልኮ አሳተመና ሸክላውን አዲስ አበባ ላይ ሸጠ። የማሳተሙ ሥራ በኋላ ወደ ሊባኖስ ተዛወረ። ከ1969 እስከ 1975 ድረስ «አምሃ ሪከርድስ» 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ማኅተም ቤት በሌለበት አገር፣ በስድስት ዓመት ውስጥ፣ ከሕግ ጋራ እየተጋፉ ይህን ያህል መሥራት ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን የዚህን ንግድ ጠባይ ልብ በሉ። የሸክላ ወጪ ከሞላ ጐደል ሁሉም በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ያርፋል። ለዘፋኙና ለባንዱ መክፈል፣ መቅረጽ፣ ባሕር ማሻገር፣ ቀረጥ መክፈል፤ ይህ ሁሉ አንድ ሸክላ ከመሸጡ በፊት ከኪስ ይወጣል። ሺኛውን ቅጂ ለመጨመር ግን የሚያስፈልገው ጥቂት ሳንቲም ነው። ስለዚህ የተወደደ ሸክላ ትርፉ በአንድ ጊዜ ይዘላል፤ ያልተወደደው ደግሞ ካርቶን ሙሉ ሆኖ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ ይጠጣል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም። በአሜሪካ በ1959 «ሞታውን» የሚባለውን ኩባንያ የመሠረተው ቤሪ ጐርዲ እንኳ ሥራውን የጀመረው ከቤተሰቡ የቁጠባ ማኅበር (እኛ ዕቁብ ከምንለው ነገር የማይርቅ ነው) 800 ዶላር ተበድሮ ነው፤ ባንክ እንዲህ ላለው ዘር በቀላሉ ገንዘብ አያወጣም።

የመንዝ ገበሬ ውርጭን የሚከላከለው እንዴት ነው? ማሳውን በታትኖ ይይዛል። ጥቂቱን ደጋው ላይ፣ ጥቂቱን ተዳፋቱ ላይ፣ ጥቂቱን በበልግ፣ ጥቂቱን በመኸር ይዘራል። አንዱ ሲቃጠል ሌላው ያጐርሳል። አሳታሚም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አሥር ያሳትማል፤ ከአሥሩ አንዱ ወይም ሁለቱ ቢሸጡ የቀሩትን ኪሳራ ይሸፍናሉ። እንግዲህ ዘፈኑ የተወደደለት ዘፋኝ «በእኔ ድምፅ ይህን ያህል ብር አተረፈ» ብሎ ሲያጕረመርም፣ ከዚያ ትርፍ ውስጥ የሌሎች ዘጠኝ ሰዎች ውርጭ እንደተቀነሰ ማወቅ አለበት። አሳታሚን ሁሉ ቀማኛ አድርጎ መናገር ሻይ ቤት ውስጥ ያስመሰግን ይሆናል እንጂ ሒሳብ አይደለም።

ነገር ግን ማሳ መበታተን የሚያስፈራው አሳታሚም አለ። እርሱ ትናንት የተሸጠውን ዛሬ ደግሞ ያስዘፍናል፤ ዜማው ያው፣ ቅንብሩ ያው፣ የፍቅረኛይቱ ስም ብቻ ይለወጣል። ይህ ለአንድ ሁለት ዓመት ያዋጣል፤ መሬቱ ግን ይደክማል። አምሃ በ1974 የሙላቱ አስታጥቄን ዘፋኝ የማይበዛበት ጃዝ በትልቅ ሸክላ አውጥቷል። በዘፈን ግጥም በሚያምን ገበያ ይህ በእውነት ድፍረት ነው። የዚያ ዘር ፍሬ ግን ከጊዜው በጣም ዘግይቶ መጣ፤ በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም ሠሪ የሙላቱን ሙዚቃ በፊልሙ ውስጥ ሲያስገባ ብዙ የውጭ አገር ሰው ስሙን ያን ጊዜ ሰማ።

ባለቤቱ መንግሥት ሲሆን ደግሞ ፍርሃቱ ሌላ ነው። በ1983 የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በመንግሥቱ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ ወጣ፤ ገዢው ተሻማበት፤ ግን ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1984 የደረሰበት ጠፋ። በዚያ ውል ውስጥ ኪሳራው የገንዘብ አልነበረም።

ወደ ሸክላው እንመለስ። ከመንዝ ገደል በታች ያለው የይፋት ልጅ ጌታቸው መኩሪያ በ1935 ተወለደ፤ ዕድሜውን የፈጀው በማዘጋጃ ቤት፣ በቴአትር ቤትና በፖሊስ ባንድ ሳክስፎን በመንፋት ነው። አባቶቻችን በጦር ሜዳ በአፋቸው የሚያሰሙትን ሽለላ እርሱ በሳክስፎን አስጮኸው። ሥራውም በ«ፊሊፕስ» ስም በትልቅ ሸክላ ወጣ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ባለቤቱን ፈልጉልኝ። ሽለላው የማን ነው? የሕዝብ ነው። ትንፋሹ የማን ነው? የጌታቸው ነው። ሸክላው የማን ነው? ዘሩን ያወጣው ኩባንያ ነው። ሦስት ባለቤት ያለው ማሳ ነው፤ በውል የሚጻፈው ግን የአንዱ ስም ነው።

የሕዝቡን ድርሻ ነገር የመንዝ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቃል። ጓሳ የጋራ መሬት ነው፤ በቄሮ ሥርዓት ለዘመናት ተጠብቆ የኖረው ግን ባለቤት አልባ ስለነበረ አይደለም። ሣሩ የሚታጨድበትና የሚዘጋበት ጊዜ ተወስኖ፣ የሚጠብቀውም ሰው ተሹሞ ነው። ለዜማችንና ለግጥማችን ግን እንዲህ ያለ ጠባቂ አልሾምንም። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ኖሮ አጥንቶ፣ በ1965 ስለ አማራ ባህል በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ያወጣው መጽሐፍ ስሙ «ሰምና ወርቅ» ነው። መጽሐፉ ባለቤት አለው፤ በሰምና በወርቅ ይቀኝ የነበረው ሕዝብ ግን የባለቤትነት ወረቀት የለውም። ይህን ስል ሰውየውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ደክሞበታል፤ እኛ ያልሠራነውን ሠርቷል።

ከ1974 በኋላ የሰዓት እላፊ የአዲስ አበባን ምሽት አጨለመው። አምሃ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ሸክላም በካሴት ተተካ። ካሴት ለሕዝቡ ርካሽ ነበር፤ ለአሳታሚው ግን አስጨናቂ ነው፤ ሁለት ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያባዛዋልና። ስለዚህ ሙዚቃ ቤቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሸጠውን ሸጠው ለመገላገል፣ ለዘፋኙም አንድ ጊዜ ቈርጠው ከፍለው ለመሰናበት መረጡ። ዘፋኙም ገንዘቡን በእጁ ቈጥሮ ሲቀበል ደስ ይለዋል። ይሁን እንጂ ልብ በሉ፤ የእኩል አራሽ የዘንድሮውን ምርት ቢያካፍል ለከርሞ እንደገና ይዋዋላል። ቈርጦ የተቀበለው ዘፋኝ ግን የሸጠው የዘንድሮውን ምርት ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውን መኸር ሁሉ ነው፤ የተቀበለው ዋጋ ግን የአንድ መኸር ነው።

የእኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። አሳታሚ ውርጩን ስለተሸከመ ሊያተርፍ ይገባዋል፤ ኪሳራ የሚፈራበት ጊዜ ግን አጭር ነው፤ ሸክላው ወይ ይሸጣል ወይ አይሸጥም፤ በዓመት በሁለት ዓመት ይታወቃል። ባለቤትነቱ ግን ሃምሳ ዓመት ይቀጥላል። ለሁለት ዓመት ስጋት የሃምሳ ዓመት ርስት መስጠት ሚዛኑ የተዛባ ነው።

ይህ ደግሞ የእኛ አገር ድህነት ያመጣው ብቻ እንዳይመስላችሁ። «ቢትልስ» የተባሉት እንግሊዛውያን በ1963 ዘፈኖቻቸውን የሚይዝ ኩባንያ ከአሳታሚያቸው ጋራ አቋቋሙ፤ በ1965 አክሲዮኑ ለሕዝብ ተሸጠ፤ በ1969፣ አምሃ ሥራውን በጀመረበት ዓመት ማለት ነው፣ ሌላ ኩባንያ አክሲዮኑን ሰብስቦ ወሰደው። በ1985 ማይክል ጃክሰን ያንኑ ንብረት በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ፖል ማካርትኒ የራሱን ዜማዎች ሌላ ዘፋኝ ሲገዛቸው ቆሞ አየ።

በአገራችን የ1960 የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰትና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት አንቀጾች ነበሩት። በ2004 የወጣው አዋጅ ቍጥር 410 ደግሞ የደራሲን የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ እስከ 50 ዓመት ጠብቆለታል፤ ስሙ በሥራው ላይ እንዲጠራ የማድረግ መብትንም ከገንዘቡ ለይቶ ሰጥቶታል። አዋጁ ጥሩ ነው። ችግሩ አዋጁ የሰጠውን መብት ዘፋኙ ራሱ በአንድ ገጽ ውል፣ ሳያነብ፣ ለሌላው ማስተላለፉ ነው። አንተ በሞላሌ ወይም በዓለም ከተማ ግጥም የምትጽፍ ተማሪ፣ አንቺም በመሐል ሜዳ መሥሪያ ቤት ከሥራ ሰዓት ውጭ ልብ ወለድ የምትጽፊ ጸሓፊ፤ ውሉ ላይ «ለሁልጊዜ» የሚል ቃል ካያችሁ በፋንታው የዓመት ቍጥር እንዲገባ ጠይቁ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሰው ወረቀት ሲያነብ ነጠላ ሰረዝ አያመልጠውም፤ የራሱን ውል ሲፈርም ግን ለምን እንደሚቸኵል አይገባኝም።

የጌታቸው ሸክላ በ2003 ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጃቸው «ኢትዮፒክስ» በተባሉት ተከታታይ ሲዲዎች ውስጥ 14ኛ ሆኖ እንደገና ታተመ። ከዚያም «ዘ ኤክስ» የተባሉ የሆላንድ ተጫዋቾች ጋብዘውት በ2006 አብረው «ሞአ አንበሳ» የተባለውን ሲዲ አወጡ። ያሳተመው ከእነዚሁ ተጫዋቾች የአንዱ ድርጅት ነው፤ ዘሩን ያወጡት ራሳቸው አራሾቹ ናቸው ማለት ነው።

ዛሬ ዘር ማውጣት ረክሷል። ስልክ ያለው ሰው ይቀርጻል፤ በዩቲዩብ ይለቃል። ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ በ2019 «አውታር» የተባለውን በስልክ የሚሠራ የሙዚቃ መሸጫ ሲከፍቱ፣ ገበያውን ራሳቸው ባለሙያዎቹ ሊይዙት ፈልገው ነው። በዩቲዩብ ግን ባለመሬቱ ባሕር ማዶ ነው፤ ድርሻውን እርሱ ይቈርጣል እንጂ አንነጋገርበትም። የቅርቡ ጠብ ደግሞ ከእርሱ ጋራ አይደለም፤ በመንደር ጓደኛሞች መካከል ነው። አንዱ ይዘፍናል፤ ሌላው በራሱ ስልክ ቍጥር ቻናል ይከፍታል። ዘፈኑ ሲወደድና ገንዘብ ሲመጣ የሚታወቀው ባለቤት ቻናሉ የተመዘገበበት ሰው ነው፤ የይለፍ ቃሉም በእርሱ እጅ ነው። እንግዲህ አብራችሁ ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ የመጀመሪያው ዘፈን ከመለቀቁ በፊት ቻናሉ በማን ስም እንደሚከፈትና ገንዘቡ በየትኛው የባንክ ደብተር እንደሚገባ፣ ሁለት ምስክር ባለበት ጻፉት።