«መልእክቱ ምንድን ነው?»

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሥዕል ትርዒት መክፈቻ ላይ አንዲት አዛውንት አየሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ከአንድ ትልቅ ሸራ ፊት ቆመዋል። ሥዕሉ ሰው የለበትም፤ ቤትም ዛፍም የለበትም። ከታች ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ነው፤ ከላይ አንዲት ቀጭን ብርቱካናማ መስመር አለች። ሴትዮዋ ብዙ ቆዩ። አጠገባቸው ስደርስ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ «ልጄን ሳስታምም ያደርኩበትን መስኮት መሰለኝ፤ ሊነጋ ሲል» አሉ። ትንሽ ቆይቶ አስተዋዋቂው ማይክ ያዘና ሥዕሉን ይፈታልን ጀመር፤ ጥቁሩ ድህነት፣ ብርቱካናማው ደግሞ የነገ ብልጽግና ነው አለን። ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፍተው «ለካ አልገባኝም ነበር» ብለው አለፉ።

ያ «ለካ» እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከዚያ ሁሉ ተጋባዥ መካከል ሥዕሉ በእውነት የገባቸው እሳቸው ነበሩ። የንጋትን ጭንቀት፣ በጨለማና በብርሃን መካከል ያለችውን ያቺን ቀጭን ሰዓት በዓይናቸው አግኝተዋታል። ከዚያ አንድ ሰው መጣና ያገኙትን ነጥቆ መፈክር ሰጣቸው።

የምቃወመው ይህንን ልማድ ነው። የትርዒት መክፈቻዎቻችን፣ የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቆቻችን፣ የትምህርት ቤት የሥዕል ውድድሮቻችን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይጀምራሉ፤ በዚያው ያልቃሉ፦ «መልእክቱ ምንድን ነው?» ሥዓሊው በሸራው ላይ ወራት የፈጀበትን ነገር በሁለት ዐረፍተ ነገር እንዲጠቀልል ይጠየቃል። ተመልካቹም ከሸራው ይልቅ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ለረጅም ጊዜ ያነባል። ልጆቻችን ቀይ ደም፣ አረንጓዴ ተስፋ፣ ነጭ ሰላም መሆኑን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ሸምድደው ያድጋሉ። ቀይ ግን የሠርግ አበባም ነው፣ የበርበሬ ስጥም ነው፣ የክረምት ጎርፍም ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረን የቀለሙ ስም አይደለም። ከአጠገቡ የተቀመጠው ቀለም፣ የተዘረጋበት ስፋት፣ ቡርሹ ያለፈበት ፍጥነት ነው የሚነግረን።

ልማዱን የሚከላከሉ ሰዎች ቅኔን ይጠቅሳሉ። «እኛ የሰምና ወርቅ ሕዝብ ነን፤ ሥዕሉ ሰም ነው፣ ወርቁን ማውጣት አለብን» ይላሉ። ምሳሌው የመጣው ከአንጥረኛ ቤት ነውና ወደዚያው እንመለስ። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ በጭቃ ይለብጠዋል። እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁ ሰሙ በለቀቀው ባዶ ቦታ ይፈስሳል። እንግዲህ ወርቁ መልኩን ያገኘው ከየት ነው? ከሰሙ ነው። የሰሙ አፍንጫ ከተጣመመ የወርቁም ይጣመማል። ሥዕልን ትቶ መልእክቱን ብቻ ልውሰድ የሚል ሰው ቅርጽ የሌለው ድብልብል ይዞ ይሄዳል፤ ያን የመሰለ ድብልብል ደግሞ በየንግግሩ ሞልቶልናል።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችንን እንይ። ደጋጎቹ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ያዩናል፤ ከሐዲዎቹና ክፉዎቹ በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የዓድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ይህንኑ ወርሰዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ሆኖ የእኛ ሰዎች ፊት ለፊት ሲታዩ የጣሊያን ወታደሮች በጎን ይታያሉ። ይህ ምልክት ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዴ አውቀነው በሰለቸን ነበር። የማይሰለቸው በአካል ስለሚሠራ ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሰው፣ ጣሪያውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች በሰፋፊ ዓይኖቻቸው ሲያዩት መታየቱ ይሰማዋል። ያ መታየት ስሜት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ማብራሪያ ሁሉ ዘግይቶ የደረሰ ነው።

«በድሮ ሥዕሎች ላይም ጽሑፍ ነበር» የሚለኝ ይኖራል፤ ልክ ነው። በብዙዎቹ ጠርዝ ላይ «ዘከመ» ብሎ የሚጀምር የግእዝ መስመር አለ፤ እንዴት እንደተወለደ፣ እንዴት እንደተሰቀለ የሚል። ነገር ግን ያ ጽሑፍ የሚያደርገውን ልብ በሉ። ማን እንደሆነና የትኛው ታሪክ እንደሆነ ይነግራል፤ ከዚያ ዝም ይላል። የእናቲቱ ሐዘን ምን ያህል እንደሚከብድ አይናገርም። ያንን ለእጇ አቀማመጥና ለአንገቷ ዘንበል ማለት ትቶታል። የጥንቱ ጸሐፊ የሥዓሊውን ድርሻ አልነካም፤ የዛሬው አስተዋዋቂ ግን ይነካል።

ኵርዓተ ርእሱ የሚባለውን ሥዕልም አስታውሱ፤ የእሾህ አክሊል የደፋ፣ ዓይኖቹን ዝቅ ያደረገ ክርስቶስ። የሣለው አውሮጳዊ እጅ ነው፤ አሣሣሉም ከእኛ ወግ የራቀ ነው። ያም ሆኖ የኢትዮጵያ ነገሥታት ወደ ዘመቻ ሲወጡ ይዘውት ይወጡ ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. መቅደላ ስትወድቅ ከተዘረፈው ቅርስ አንዱ ሆነ። ለዚያ ሥዕል ለዘመናት የተሰገደው የአውሮጳን የአሣሣል ታሪክ የሚተነትን ስለነበር አይመስለኝም። የተመታ ሰው ፊት በየትም አገር የተመታ ሰው ፊት ነው።

ወደ ዘመናዊው ሥዕል ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ፣ በ1963 እ.ኤ.አ. «ጎልጎታ»ን ሣለ። ስቅለትን ነው የሣለው፤ ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀውን ታሪክ። አዲሱ ነገር ቀዩ ሥጋን እስኪያሳጣ ድረስ መበርታቱ፣ ሕመሙ ከሰውየው አካል ወጥቶ ሸራውን መውረሱ ነው። «ቀዩ ደም ነው» ብሎ ማለፍ ከሥዕሉ መሸሽ ነው። ሌላም መሸሻ አለ። ሥዓሊው በ1981 እ.ኤ.አ. በስደት አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ ስላረፈ፣ በሥራዎቹ ሁሉ ላይ የስደት ናፍቆት የሚለጥፉ አሉ። «ጎልጎታ» የተሣለው ግን አገሩ ሳለ፣ ከዚያ ስደት ብዙ ዓመታት ቀድሞ ነው። የሕይወት ታሪክ ሲያነቡ የሰሙትን ሸራው ላይ አየን ማለት ሥዓሊውንም ሥዕሉንም መበደል ነው።

መልእክት ያለው ሥዕል የለም አልልም። የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥራ ግልጽ ሐሳብ አለው፤ አፍሪካ ትናንት፣ ዛሬና ነገ። ይህን ለማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ታዲያ 150 ካሬ ሜትር መስታወት ለምን አስፈለገ? ፀሐይ ስትዘዋወር መስታወቱም ስለሚለወጥ፣ ቀለሙም ወለሉ ላይና ሰው ልብስ ላይ ስለሚወድቅ ነው። ሐሳቡን በወረቀት ማንበብ ይቻላል፤ በብርሃኑ ውስጥ መቆም ግን በወረቀት አይገኝም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ «ሕዝባችን ሥዕል ስላልለመደ ማብራሪያ ያስፈልገዋል» የሚለው ንቀት ነው። የነጠላ ጥለት ወደ ላይ ዞሮ ሲያይ ሐዘን መኖሩን የሚያውቅ፣ ለቀሚሱ ጥበብ ሁለት ቀለም ሲያስማማ ግማሽ ቀን ከሸማኔ ጋር የሚሟገት ሕዝብ ዓይን የለውም? ዓይኑስ አለው፤ የራሱን ዓይን እንዳያምን ያደረግነው እኛ ነን።

ጉዳቱ ተመልካቹ ጋ አይቆምም። ወጣት ሥዓሊዎች የሚጠየቁትን ስለሚያውቁ መልሱን አስቀድመው ያዘጋጃሉ። ስለዚህ የተበጠሰ ሰንሰለት፣ የምትበር ርግብ፣ ሻማ የያዙ እጆች በየትርዒቱ ይደጋገማሉ። ለማብራራት የሚመቹ ናቸው፤ ደጋግሞ ለማየት ግን ምንም አልተረፈባቸውም።

የሥዓሊው ስም፣ የሥራው ርእስ፣ ዓመቱና የተሠራበት ቁስ ይጻፍ፤ ያ ተመልካችን ያከብራል። ሥዓሊም መናገር ከፈለገ ይናገር፤ ግን ሰው ካየ በኋላ። የትርዒት አዘጋጆች፣ እባካችሁ በሚቀጥለው መክፈቻችሁ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ማይኩን አጥፉት። አንባቢ ሆይ፣ አንተም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በገብረ ክርስቶስ ስም ወደተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አንድ ቀን ብቻህን ሂድ። አንድ ሥዕል ብቻ ምረጥ፤ ስሙን ሳታነብ ፊቱ ቁም፤ ያየኸውንም ማንም እንዲያርምልህ አትጠይቅ።