ከፍሳሽ የሚወጣው ጋዝና ጤናችን

አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን ዓለም አቀፍ የአየር ንብረት ጉባኤ (ኮፕ 32) ታስተናግዳለች። ስለ አየር ንብረት ሲወራ ቀድሞ ትዝ የሚለን የመኪናና የፋብሪካ ጭስ ነው። ከየቤታችን የሚወጣው ፍሳሽም ሙቀት አማቂ ጋዝ እንደሚያመነጭ ብዙ ጊዜ አይነሳም። ጉዳዩ ደግሞ የጤናም ጉዳይ ነው።

ፍሳሽን የሚያብላሉት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። አየር በማያገኙበት ቦታ ሚቴን ያመነጫሉ። በሽንትና በሰገራ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ሲብላላ ደግሞ ናይትረስ ኦክሳይድ ይወጣል። ይህ በቀዶ ሕክምና ክፍል ለማደንዘዣነት የሚያገለግለው ጋዝ ነው። በ100 ዓመት ስሌት ሚቴን ከተመሳሳይ መጠን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ ደግሞ 270 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃሉ።

ሙቀቱ በበሽታ መልክ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በደብረ ዘይት አካባቢ ሞቃት በሆኑ ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይቷል። ሚቴን በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ኦዞን እንዲፈጠርም አስተዋፅዖ ያደርጋል፤ ኦዞን አስም ያለባቸውን ሰዎች ሕመም ያባብሳል።

ታዲያ የፍሳሽ ማጣሪያ ጎጂ ነው ማለት ነው? በፍጹም። ሳይጣራ ወደ አቃቂ ወንዞች የሚገባ ፍሳሽም ጋዝ ያመነጫል፤ በዚያ ላይ ኮሌራን፣ ታይፎይድንና የሆድ ትላትልን ያሰራጫል። ስለዚህ ጥያቄው ማጣሪያ ይኑር አይኑር ሳይሆን ጋዙ የት ይሄዳል የሚለው ነው። በዓለም ባንክ ድጋፍ ተስፋፍቶ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኪዩብ እንዲያጣራ የተገነባው የቃሊቲ ማጣሪያ፣ ከሥራው ከፊሉን የሚያከናውነው አየር በሌላቸው ታንኮች ነው። ከእንዲህ ዓይነት ታንክ የሚወጣው ሚቴን ከተያዘ ለኃይል ምንጭነት ይውላል፤ ካልሆነም ተቃጥሎ ጉዳቱ ይቀንሳል። ከተለቀቀ ግን ወንዙን አጽድተን አየሩን በከልን ማለት ነው። የማጣሪያ ጣቢያዎቻችን ውጤት ባጣሩት ውኃ ብቻ ሳይሆን በያዙት ጋዝም ሊለካ ይገባል።

አብዛኛው የከተማችን ነዋሪ የሚጠቀመው በጉድጓድ መጸዳጃ ወይም በሴፕቲክ ታንክ ነው። እዚያም ያው ጋዝ አለ፤ በዝግ ጉድጓድ ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ ሕይወት ይቀጥፋል። ሚቴን ሽታ የለውም፤ እሳት ካገኘ ይፈነዳል። አብሮት የሚኖረው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን የማሽተት ችሎታን ስለሚያደነዝዝ ሰው «ሽታው ጠፋ» ብሎ ይዘናጋል። አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው የገባውም አብሮ የሚሞተው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉትን ጥንቃቄዎች ያድርጉ፦

• ለጥገናም ሆነ የወደቀ ዕቃ ለማውጣት ጉድጓድ ውስጥ አይግቡ፤ የቀን ሠራተኛም አያስገቡ።

• ክዳኑ ሲከፈት ክብሪት፣ ሻማ ወይም ሲጋራ አይለኩሱ።

• ሰው ከወደቀ ተከትለው አይግቡ። በአዲስ አበባ በ939 የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ይጥሩ።

• ጉድጓዱ ሳይሞላ በፍሳሽ ማንሻ ተሽከርካሪ ያስመጥጡ። የአየር ማስወጫ ቱቦው ከጣሪያ በላይ የወጣና ያልተደፈነ ይሁን።

• መጸዳጃዎን ከዝናብ ውኃ መውረጃ ቦይ ጋር አያገናኙ፤ መጨረሻው ወንዝ ነው።

• የፍሳሽ መስመር ሰፈርዎ ከደረሰ ቤትዎን ያስቀጥሉ። በየግቢው ተበታትኖ የሚወጣን ጋዝ መያዝ አስቸጋሪ ነው፤ አንድ ቦታ የተሰበሰበውን መያዝ ግን ይቀላል።