የሥራ ማቆም አድማ፦ ከአድማው ቀን በፊት ያልተሰማው ጥያቄ

በካማሺ ዞን ወርኃዊ ደመወዝ ከሚያገኙ ነዋሪዎች መካከል ብዙዎቹ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ የግብርና ልማት ሠራተኞችና በመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች የሚያገለግሉ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሥራውን ቢያቆም ተተኪው በቅርብ አይገኝም። በትልቅ ከተማ ታካሚው ከመንግሥት ጤና ጣቢያ ወደ ግል ክሊኒክ ሊዞር ይችላል። ከገጠር ቀበሌ ሕፃን አዝሎ የመጣ አርሶ አደር ግን ቀጣዩ አማራጭ ወደ ነቀምት ወይም ወደ አሶሳ የሚወስደው ረጅም መንገድ ነው። በመሆኑም ሠራተኞች ለምን አድማ ይመታሉ፣ ያንን ቀንስ እንዴት ይውላሉ የሚለው ጥያቄ ካማሺንም በቀጥታ የሚመለከት ነው።

«አድማ» የሚለው ቃል ራሱ ከባድ ትርጉም የተሸከመ ነው። «አደመ» ማለት በአንድ ነገር ላይ በኅብረት መከረ፣ ተስማማ ማለት ሲሆን፣ በጥንቱ አነጋገር ምክሩ ብዙ ጊዜ በሹም ላይ የሚዶለት ነበር። በዚህም ምክንያት ሥራ ማቆም ሲነሳ ባለሥልጣን ቀድሞ የሚያስበው ሴራን ሲሆን፣ ሠራተኛው ግን የሚያስበው የወር አስቤዛውን ነው። የአገሪቱ ታሪክ የሚያሳየው አብዛኛው አድማ ከሁለተኛው ሐሳብ እንደተነሳ ነው።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን ያቆሙት የነዳጅ ዋጋ በከፍተኛ ደረጃ ጨምሮ ሳለ የጉዞ ታሪፍ እንዲጨምሩ ስላልተፈቀደላቸው ነበር። በዚያው ሰሞን መምህራን የደመወዝ ጥያቄያቸውንና በትምህርት ዘርፍ ጥናቱ ላይ ያላቸውን ተቃውሞ ይዘው ሥራ አቆሙ። መንግሥት የነዳጁን ዋጋ የቀነሰውና የትምህርቱን ዕቅድ ያዘገየው ከተማይቱ በሁከት ከተናወጠች በኋላ ነው። በየካቲት ወር መጨረሻ ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ለ4 ቀን የቆየ አገር አቀፍ አድማ ጠራ።

ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሚኒባስ ታክሲ ነጂዎች አዲሱን የትራፊክ ቅጣት ደንብ በመቃወም ሥራ አቆሙ። የከተማው ሕዝብ በእግሩ ተጓዘ፤ ብዙ ሠራተኛ ከሥራ ገበታው ዘገየ። ደንቡ ለ3 ወራት እንዲዘገይ የተወሰነው ከዚህ በኋላ ነበር። በሁለቱም ዘመን መልሱ መጥቷል፤ ነገር ግን የመጣው ጥያቄው በጠረጴዛ ዙሪያ ሳለ ሳይሆን መንገዱ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ልምድ ለሠራተኛው አንድ ጎጂ ትምህርት ይሰጠዋል፤ ይኸውም ሥራ ካላቆመ የሚሰማው እንደሌለ ነው።

በቅርቡ ከታዩት አድማዎች ሰፊው በግንቦት 2017 ዓ.ም. የተካሄደው የጤና ባለሙያዎች አድማ ነው። ባለሙያዎቹ 12 ነጥቦች ያሉት ጥያቄ አቅርበው የ30 ቀን ጊዜ ሰጥተው ነበር። ከጥያቄዎቹ መካከል ኑሮን የሚመጥን ደመወዝ፣ የተርን ሥራ ክፍያ፣ የቤትና የትራንስፖርት ድጋፍ፣ እንዲሁም ራሳቸው ሲታመሙ የሚታከሙበት የጤና መድን ይገኙበታል። የጥያቄው መነሻ ግልጽ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በአንድ ዓመት ውስጥ ከ130 ብር አልፏል። የሸቀጥ ዋጋ ሲንር በቁርጥ ደመወዝ የሚተዳደር ሰው እንደ ነጋዴ ዋጋ ጨምሮ ጉድለቱን ማካካስ አይችልም።

ያ አድማ ሥራ የቆመበት ቀን እንዴት እንደሚያልፍም አሳይቷል። ባለሙያዎቹ በመጀመሪያ በከፊል ነበር ሥራ ያቆሙት፤ የድንገተኛ ሕክምና እንዲቀጥል አድርገው መደበኛውን አገልግሎት አቋረጡ። ቀጥሎ አድማው ወደ ሙሉ ሥራ ማቆም አደገ። በርካታ ባለሙያዎች ታሰሩ፤ መንግሥት አድማውን ሕገ ወጥ ሲል፣ የሰብአዊ መብት ተቋማት ደግሞ እስሩን ተቃወሙ። በሌሎች አገሮች እንደሚታየው መፈክር ይዞ በሆስፒታል በር ላይ መቆም በኢትዮጵያ እምብዛም የተለመደ አይደለም። የኢትዮጵያ አድመኛ ቀኑን በአብዛኛው የሚያሳልፈው በቤቱ ተቀምጦ ወይም በሥራ ቦታው ተገኝቶ እጁን አጣጥፎ፣ ከባልደረቦቹ የሚመጣ ወሬ እየተጠባበቀ ነው። ከውጭ ሲታይ ዕረፍት ይመስላል። በውስጡ ግን ደመወዝ ይቆረጥ ይሆን፣ ስም ተይዞ ይሆን የሚል ሥጋት አለ፤ በተለይ የጤና ባለሙያው ያልታየው በሽተኛ ምን ሆኖ ይሆን የሚለው ሐሳብም ይከተለዋል።

አገልግሎትን ሳያቋርጡ ማደምም እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ ከጃፓን ይገኛል። በ2010 ዓ.ም. በኦካያማ ከተማ የአንድ ድርጅት አውቶቡስ ነጂዎች ሥራቸውን ሳያቆሙ ከተሳፋሪ ገንዘብ መቀበልን ብቻ ተዉ። ተሳፋሪው ካሰበበት ደረሰ፤ ገቢ ያጣው አሠሪው ነው። ይህ ስልት ገንዘብ ለማይሰበስብ መምህር ወይም ነርስ አይሆንም። ያም ሆኖ የአድማ ጫና በአሠሪው ላይ እንጂ በተገልጋዩ ላይ ማረፍ እንደሌለበት ያስገነዝባል።

ሕጉስ ምን ይላል? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የፋብሪካና የአገልግሎት ሠራተኞችን፣ ገበሬዎችንና የእርሻ ሠራተኞችን፣ እንዲሁም ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች ያሉ የመንግሥት ሠራተኞችን ጠቅሶ በማኅበር የመደራጀት መብት ይሰጣል፤ ሥራ የማቆም መብትንም ያውቃል። ዝርዝሩን የያዘው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአዋጁ መሠረት አድማ ከመደረጉ በፊት የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት፣ በስምምነት ለመፍታት ጥረት ማድረግና ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ የብዙኃኑን ድጋፍ ማግኘት ያስፈልጋል። ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች፣ የመብራትና የውኃ አገልግሎት የመሳሰሉት ግን አድማ የተከለከለባቸው ናቸው፤ በምትኩ ክርክራቸውን የሚያይ ጊዜያዊ ቦርድ ሊቋቋም ይችላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ይህ አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን አይመለከትም። የግል ሆስፒታል ነርስ ከአድማ ብትከለከልም በሕግ የታወቀ ዳኛ አላት። በመንግሥት ሆስፒታል የምትሠራው ነርስ ያላት የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴና የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሲሆን፣ እነዚህ በዋነኛነት የሚያዩት የአንድ ሠራተኛን በደል እንጂ የሺዎችን የጋራ የደመወዝ ጥያቄ አይደለም። የጋራ ጥያቄ የሚቀርብበት በር ከሌለ ጥያቄው ወይ ይዳፈናል፣ ወይ በአድማ ይወጣል።

በር መኖሩም ብቻውን አይበቃም። በኬንያ የመንግሥት ሐኪሞች ማኅበር በ2005 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር የኅብረት ስምምነት ቢፈራረምም ስምምነቱ ሳይፈጸም ቀረ። ሐኪሞቹ ከኅዳር 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለ100 ቀን ሥራ አቆሙ፤ ዋጋውን የከፈለው የግል ሕክምና መክፈል ያልቻለው ድሃ ነው።

በካማሺ ከአድማ ይልቅ የሚያሰጋው ድምፅ የሌለው ሌላ መንገድ ነው፤ እርሱም ሥራ ለቆ መሄድ። ዞኑ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በጸጥታ ችግር የተጎዳ ነው፤ መንገዶች ተዘግተው፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ተቋማት ሥራ አቋርጠው፣ ሠራተኞች ተፈናቅለው የነበሩበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. የተደረሰው የሰላም ስምምነት አገልግሎቱ እንደገና እንዲቆም ዕድል ሰጥቷል። ያን ዕድል የሚያጸናው ግን በየቦታው የሚቆይ ባለሙያ ነው። አድመኛ ጥያቄው ሲመለስለት ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ተስፋ ቆርጦ የሄደ ግን አይመለስም። ከክረምቱ መውጣት በኋላ በቆላው የሚበረታው ወባ ደግሞ አዲስ ቅጥር እስኪፈጸም አይጠብቅም።

መንግሥት ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞችን ደመወዝ አሻሽሏል። ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ትርጉም የሚኖረው ግን በቀኑ ሲከፈል ነው። በ2016 ዓ.ም. በወላይታና በሀዲያ ዞኖች መምህራን ሥራ ያቆሙት ጭማሪ ጠይቀው ሳይሆን የሠሩበት ደመወዝ ለወራት ስለዘገየባቸው ነበር።

ስለዚህ አድማን የሚያስቀረው ዋናው ሥራ ከአድማው ቀን በፊት የሚሠራው ነው፦ ደመወዝን በቀኑ መክፈል፣ መዘግየት ካለ ምክንያቱንና የሚከፈልበትን ቀን በግልጽ ማስታወቅ፣ የሠራተኞችን የጋራ ጥያቄ በጽሑፍ ተቀብሎ በጽሑፍ መልስ መስጠት። እነዚህ ብዙ በጀት አይጠይቁም። ወረዳውና ዞኑ ይህን ካደረጉ ሕፃን አዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣው አርሶ አደር በሩን ክፍት፣ ባለሙያውንም በቦታው ያገኛል።