የይሉኝታ ሳቅ

ያላሳቀ ቀልድ ሲነገር መሳቅ በብዙ ቤትና መሥሪያ ቤት እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። አለቃው በስብሰባ መካከል አንድ ነገር ጣል ሲያደርግ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። አጎት በየሠርጉ የሚያወራትን ያችኑ ጨዋታ ሲያመጣ ዘመዱ ሁሉ ተቀብሎ ይንከተከታል። ዝም ያለ ሰው «ኩራተኛ» ወይም «ቀልድ የማያውቅ» ይባላል። ይህ ልማድ ለተናጋሪው ከማሰብ ይልቅ ስምን ከሐሜት ለማዳን የሚደረግ ነው፤ ጨዋነት ሊባል አይገባውም።

ሲጀመር እንዲህ ያለው ሳቅ ሊነቃበት ይችላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዱሼን እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው ሥራው፣ ከልብ የመነጨ ፈገግታ ከከንፈር አልፎ በዓይን ዙሪያ ያለውን ጡንቻ እንደሚያንቀሳቅስ፣ ይህ ጡንቻ ደግሞ እንደ ከንፈር በፈቃድ እንደማይታዘዝ ገልጿል። ተናጋሪው ከነቃ ይሸማቀቃል። ካልነቃ ደግሞ ያንኑ ቀልድ ይዞ ይሉኝታ ወደማይይዘው ሰው ይሄድና እዚያ ይዋረዳል።

የልማዱ ደጋፊዎች «ሳቅ ሰውን ያቀራርባል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ፕሮቫይን 1,200 ያህል የሳቅ አጋጣሚዎችን ሲመረምር፣ ቀልድ የሚመስል ነገር ተከትለው የመጡት ከ20 በመቶ አይበልጡም ነበር፤ የቀሩት ከተራ ወሬ የተወለዱ ናቸው። ነገር ግን ሰውን የሚያስቀው መቀራረቡ ከሆነ፣ ቀልዱ ሳያስቅም ለቀላጁ ፍቅር ማሳየት ይቻላል ማለት ነው።

ለቅሶ ቤት ይህን በግልጽ ያሳያል። አመሻሽ ላይ ኀዘንተኛውን ለማስረሳት ጨዋታ የሚያመጣ ጎረቤት ሁልጊዜ አይሳካለትም። ኀዘንተኛው ግን እንዲስቅ አይገደድም፤ «ተባረክ፣ ኑርልኝ» ብሎ ሐሳቡን ይቀበላል። ሌላ ቦታም እንዲሁ ቀና ብሎ ማየት፣ ፈገግ ማለትና ስለ ታሪኩ መጠየቅ ይበቃል። «ከማን ሰማኸው?» የሚል ጥያቄ ብቻውን ጨዋታውን ያስቀጥላል። ፊት ማጥቆር ወይም «ይሄ ደግሞ ምኑ ያስቃል?» ማለት ግን ከውሸት ሳቁ የባሰ ነው፤ ሰውን በሰው ፊት ያሳፍራል።

የውሸት ሳቅ «ባህላችን ነው» የሚለውም መከራከሪያ አያስኬድም። በጨዋታ አዋቂነታቸው በሚታወቁት በአለቃ ገብረ ሃና ስም ከሚተረኩት ጨዋታዎች መካከል አድማጩ በመልስ አለቃን ራሳቸውን የሚረታባቸው አሉ። እዚያ አድማጭ የጨዋታው ተካፋይ እንጂ አጨብጫቢ አይደለም።

ቀልዱ የሰውን ብሔር፣ የአካል ጉዳት ወይም ድህነት መሳለቂያ ካደረገ ነገሩ ይለያል። እዚህ መሳቅ ከተናጋሪው ጋር መወገን ነው፤ ተሰዳቢው አጠገብ ተቀምጦ ከሆነ ደግሞ ሳቁ ከቀልዱ ይበልጥ ያቆስለዋል። ለዛ ባጣ ቀልድ የሚበቃው ፈገግታ እዚህ አይሠራም። ሳይስቁ ወሬውን መቀየር፣ ኋላም ተናጋሪውን ለብቻው አግኝቶ ቅር ያሰኘውን ነገር በስሙ ጠርቶ መንገር ያስፈልጋል። ተሰዳቢው እዚያው ካለ ግን መልሱ ለነገ አይቀጠርም፤ «ተው፣ ይሄ አይባልም» የሚለው ቃል እርሱ እየሰማ መነገር አለበት።