ጉልቻ ቢለዋወጥ

አንድ የምናውቃቸው የቤተ ሰብ አባት ሲጃራ መተዋቸውን ለቤታቸው ካበሠሩ ሰንብተዋል። የጭሱም ሽታ በእውነት ከልብሳቸው ጠፍቷል። ባለፈው ሰሞን ግን ትንሿ ልጃቸው፣ «አባባ፣ በኪስዎ የሚይዟት ብዕር ስለ ምን አትጽፍም?» ብላ ጠየቀቻቸው። ብዕር የመሰለቻት ዕቃ ኤሌክትሮኒክ ሲጃራ ነበረች።

ይህን በሰማን ጊዜ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው የአባቶች ተረት ትዝ አለን። ትንባሆ በአገራችን ልብሱን ሲለውጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለምና። አያቶቻችን በጋያ አጨሱት፤ ሱረት አድርገውም በአፍንጫቸው ሳቡት፤ ከዚያም ሲጃራና ሺሻ ተከተሉ። ዛሬ ደግሞ ፈሳሹን በባትሪ እያሞቀ የሚያተን መሣሪያ፣ ትንባሆውን ሳያቃጥል የሚያግል ዕቃና ከከንፈር ሥር የሚቀመጥ ትንሽ ከረጢት መጥተዋል። በአብዛኞቹ ውስጥ ሰውን የሚያስረው ጌታ ግን አንድ ነው፤ እርሱም ኒኮቲን ይባላል።

እውነቱን ለመናገር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝና ሬንጅ የመሰለው ዝቃጭ የሚመጡት ትንባሆ ሲቃጠል ስለ ሆነ፣ የመሣሪያው እንፋሎት ከሲጃራ ጭስ ያነሰ መርዝ አለው። በሌሎች አገሮችም በዚሁ ታግዘው ሲጃራን የተዉ ሰዎች አሉ። ነገር ግን መርዙ አነሰ ማለት መርዝ የለም ማለት አይደለም። በአገራችንም ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጃራንና የሺሻን ሽያጭ ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰውም ትንባሆ እንዳይሸጥ አዝዟል። ስለዚህ በስውር የሚገዛው ዕቃ በውስጡ ምን እንደ ያዘ መርምሮ ለገዢው የሚነግረው የለም።

በእውነት መተው የሚሻ ሰው ቀን ይቁረጥ፤ ቀኑንም ለቤተ ሰቡ ይንገር። የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅግ ይከብዳሉ፤ ቁጣ፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ይመጣሉ። ይሁን እንጂ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይቀልላሉ። አምሮቱም በመጣ ቍጥር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያልፋል፤ እስኪያልፍ ድረስ ውሃ መጠጣት ወይም ተነሥቶ መራመድ ይረዳል። ሲጃራውን ከቡና ጋር ያስለመደ ሰው ለጊዜው የቡናውን ሰዓትና ቦታ ይለውጥ። ብርቱ ሱስ ያለበትም ሐኪም ያማክር። ሐኪም የሚያዘው የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት መጠኑ ተለክቶ፣ እየተቀነሰ ሄዶ የሚያበቃበት ቀን አለው። በኪስ ያለችው ብዕር ግን እንዲህ ያለ ቀን የላትም።

ሲጃራ የተወ ሰው ዋጋውን ቶሎ ያገኛል። በ12 ሰዓት ውስጥ በደሙ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤናማው መጠን ይወርዳል፤ በ1 ዓመት ውስጥም በልብ ሕመም የመያዙ ሥጋት ከሚያጨሰው ሰው በግማሽ ያህል ያንሳል። ወድቆ የተመለሰም ቢኖር አይፈርበት፤ ደግሞ ይነሣ።

እኒያ አባት ለልጃቸው ወዲያው መልስ አላገኙም። ማታ ግን ለባለቤታቸው፣ «ገና አልተውሁም» ሲሉ እውነቱን ተናገሩ። እኛም መተዋቸው የተጀመረው በዚያች ማታ ነው እንላለን።