ለልጆቻችን መጽሐፍ የሚጽፍላቸው ማን ነው?

ክቡር አዘጋጅ፤

ይህችን አጭር አስተያየቴን በአንባብያን ዓምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የአንድ ቤት ጉዳይ ቢመስልም ብዙ ቤቶችን የሚነካ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ በደብረ ታቦር ከተማ የምኖር የመንግሥት ሠራተኛና የአንዲት ልጅ አባት ነኝ። ልጄ የምትጽፈው በግራ እጇ ነው። ትምህርት ቤት በገባች በመጀመሪያው ወር ጓደኞቿ «ግራኝ» እያሉ ይጠሯት ጀመር፤ አንድ መምህርም እርሳሱን ከግራ እጇ ነጥቀው በቀኟ አስጨበጧት። የመምህሩንም የትምህርት ቤቱንም ስም ማንሣት አልፈልግም፤ ከእርሳቸው በፊት ማዕድ ላይ ያችን እጅ የመታሁ እኔው ነኝና።

የስድቡ መነሻ ለአገራችን ሰው ሩቅ አይደለም። ኢማም አሕመድ ኢብራሂም ግራ እጃቸው የሚቀናቸው ስለ ነበሩ «ግራኝ» ተባሉ፤ በ1535 ዓ.ም. ከጣና በስተ ምሥራቅ፣ በወይና ደጋ ጦርነት ሞቱ። ይኸው አምስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ግን እርሳስ በጨበጠች ቁጥር የዚያን ጦርነት ዕዳ ትከፍላለች። «አንካሴ»፣ «ሸውራራ» የሚባሉትም ልጆች ዕጣቸው ይኸው ነው።

ተረቶቻችን ብልኀትን ለማስተማር ወደር የላቸውም። ጦጣ ጅብን ስታታልል እየሰማን ያላደግን የለንም። ነገር ግን ለተታለለው ጅብ ያዘነ ልጅ እስከ ዛሬ አላየሁም። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማታ ከሱቅ በገዛሁት ደብተር ላይ (የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት አልነካሁም) ለልጄ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፍኩ። በታሪኩ በግራ እጇ የምትጽፍ ልጅ ትሰደባለች፤ በመጨረሻ ግን እጇ በጸበል ተስተካክሎ እንደ ሰው ሁሉ በቀኟ ትጽፋለች። ባነበብኩላት ጊዜ ዝም ብላ ሰማችና «አባዬ፣ በፊት እጇን ምን አሟት ነበር?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ላጽናናት ብዬ የጻፍኩት መጽሐፍ «አንቺ በሽተኛ ነሽ» ብሎ ነግሯት ኖሯል።

እንደገና ጻፍኩት። አሁን ሁለት ልጆች ከቦኖ ውኃ ቀድተው ባልዲውን በመካከላቸው ይዘው ዳገቱን ይወጣሉ። ጎን ለጎን ሲሄዱ አንዷ በቀኝ፣ ሁለተኛዋ በግራ እጇ መያዟ ግድ ነው። ያች በቀኟ የያዘችው ቀድሞ ትሰድባት የነበረችው ናት። ውኃው ሳይፈስ ቤት ገባ፤ የልጅቱም እጅ እንደ ነበረ ቀረ፤ የጓደኛዋ አፍ ግን ተለወጠ። ልጄ ይህን መጽሐፍ ትምህርት ቤት ይዛው ሄደች። ስድቡ ጨርሶ ቀረ አልልም። ሆኖም አንዲት የክፍል ጓደኛዋ «በመነጽሬ ይስቁብኛልና አባትሽ ለእኔም ይጻፍልኝ» ብላ ላከችብኝ። ሦስተኛው መጽሐፍ እየተጻፈ ነው።

በዚህ ሥራ የቀደሙን አሉ። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ቢያጡ፣ ራሳቸው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጽፈው አሳተሙ፤ ኋላም አገራቸው ገብተው ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በሐዋሳም መጻሕፍት በአህያ ጋሪ ወደ ልጆች እንዲሄዱ አደረጉ። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ደግሞ የቀጭኔዋን የፀሐይን ዝግጅት ከባለቤታቸው ጋር ሆነው የጀመሩት ከመኖሪያ ቤታቸው ነው።

በእኛም አገር መጽሐፍ እንግዳ ነገር አይደለም። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተ ልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አምባ በዚሁ በደቡብ ጎንደር ናቸው። በጉባኤ ቤት ያለ ደቀ መዝሙር ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ የሚማርበትን መጽሐፍ በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። ታዲያ ቀኑን ሙሉ «ጉዳዩ፦» እያልን ደብዳቤ ስናረቅቅ የምንውል ሠራተኞች ለልጃችን ስምንት ገጽ መጻፍ እንዴት ያቅተናል?

«ልጅ በስድብ ይጠነክራል» የሚሉ አሉ። እኔ ግን በስድብ የጠነከረ ልጅ ሌላውን መስደብ ሲማር እንጂ ሌላ ትርፍ አላየሁም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የከባድ መሣሪያ ድምፅ በሰማች ከተማ የሚያድጉ ልጆች ጎረቤታቸውን ማክበር በጊዜ ቢማሩ መልካም ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

ስለዚህ አሳቤ ይህ ነው። እያንዳንዱ ወላጅ በዓመት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ለልጁ ይጻፍ፤ ሥዕሉን ልጁ ይሣል፤ ለማንም ከማሳየቱ በፊት ደግሞ ለልጁ ያንብብለት። የከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በየትምህርት ቤቱ ለእነዚህ መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ ይስጥ፤ የተሻሉትንም አባዝቶ ወደ ገጠሩ፣ ወደ ፋርጣና ወደ ጋይንት ትምህርት ቤቶች ይላክ። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ መምህራንም ፊደሉን ቢያርሙልን ውለታቸው ትልቅ ነው።

በአክብሮት፣
አንድ አባት
ከደብረ ታቦር